በአሜሪካ የዩኒየን ፒኬት ሲወጡ፦ ሕጉ የሚፈቅደውና የሚከለክለው

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ፣ በሲያትል፣ በላስ ቬጋስና በሚኒያፖሊስ የሚኖሩ በርካታ ወገኖቻችን የሚተዳደሩት በሆቴል፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ነው። እነዚህ ሁሉ የሠራተኛ ማኅበር፣ በተለምዶ ዩኒየን የምንለው፣ ሥር የሰደደባቸው ወይም ለመግባት የሚታገልባቸው የሥራ መስኮች ስለሆኑ፣ አንድ ቀን «ነገ ጠዋት ፒኬት አለ፤ በር ላይ እንገናኝ» የሚል መልእክት ስልክዎ ላይ መግባቱ አይቀርም። በአሠሪው በር አጠገብ መፈክር ይዞ እየተመላለሱ ጠቡን ለሕዝብ ማሳወቅ፣ ደንበኛው እንዳይገዛና ሠራተኛውም እንዳይገባ መጠየቅ፣ ፒኬት የሚባለው ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ ሁለት ዓይነት ምላሽ ይሰማል። አንዳንዱ «ይህ ነጻ አገር ነው፤ የፈለግነውን ብንናገር ማን ይነካናል» ይላል። ሌላው ደግሞ አገር ቤት ሰላማዊ ሰልፍ ለመውጣት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ መሆኑን፣ ከዚያም በላይ ሊመጣ የሚችለውን እያሰበ ከቤቱ አይወጣም። የመጀመሪያው ሰው በማያውቀው ወሰን ላይ ተሰናክሎ ሥራውን ሊያጣ ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሕግ የሰጠውን መብት በገዛ እጁ ይተዋል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሠራተኛው መብቱንም ወሰኑንም ዐውቆ እንዲወጣ የሚረዳ መመሪያ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ ውሳኔዎቹም፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ናቸው።

ፒኬት እንደ ተራ ንግግር የማይታይበት ምክንያት

ሁሉም ነገር የሚጀምረው በ1940 ከተሰጠው የቶርንሂል ውሳኔ ነው። ባይረን ቶርንሂል በአላባማ ግዛት በአንድ የእንጨት ማከሚያ ድርጅት አድማ ላይ ሳለ፣ ወደ ሥራ የሚሄደውን ሰው በሰላም «አትግባ» በማለቱ ተከሶ ተቀጣ፤ የግዛቱ ሕግ ፒኬትን በጅምላ ይከለክል ነበርና። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ሽሮ፣ ስለ ሠራተኛና አሠሪ ጠብ እውነቱን ለሕዝብ መንገር በሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ ከተጠበቀው የመናገር ነጻነት የሚመደብ መሆኑን አወጀ።

ይህ ሰፊ ጥበቃ ግን ብዙ ሳይቆይ ጠበበ። በ1941 በቺካጎ የወተት አከፋፋዮች ጉዳይ፣ ሰልፉ መስኮት ከመስበር፣ ከቦምብና ከድብደባ ጋር ተያይዞ ስለነበር ሰላማዊው ፒኬት ጭምር ቢታገድ ሕገ መንግሥቱ እንደማይጣስ ተወሰነ። በ1949 በካንሳስ ሲቲ የበረዶ አዟሪዎች ጉዳይ፣ አሠሪው ሕግ እንዲጥስ ለማስገደድ የሚደረግ ፒኬት ጥበቃ የለውም ተባለ። በ1957 ደግሞ አንድ ግዛት በሕጋዊ መንገድ ካወጣው ፖሊሲ ጋር የሚጋጭን ፒኬት፣ ሰላማዊም ቢሆን፣ ሊከለክል እንደሚችል ተወሰነ። ዳኞቹ የሰጡት ምክንያት በአጭሩ ይህ ነው፦ የጭነት መኪና ሹፌር የሰልፉን መስመር ሲያይ መፈክሩን አንብቦና አመዛዝኖ አይደለም የሚመለሰው፤ መስመሩን ማየቱ ብቻ ይበቃዋል፤ ስለዚህ መስመሩ ከቃል አልፎ የማስገደድ ጉልበት አለው።

ይህ ምክንያት ከነጻ ንግግር መርሕ ጋር የሚታረቅ አይመስለኝም። በሚሲሲፒ ፖርት ጊብሰን የጥቁሮች መብት ታጋዮች የነጭ ነጋዴዎችን ሱቆች «አትግዙ» ብለው ያደረጉት ዘመቻ በ1982 ሙሉ የሕገ መንግሥት ጥበቃ ሲያገኝ፣ ዩኒየን በአንድ ገለልተኛ ሱቅ ፊት ያንኑ «አትግዙ» የሚል ቃል በመስመር ይዞ ቢመላለስ ሕግ ጣሰ መባሉ ለሠራተኛው ፍትሐዊ አይደለም። ይሁን እንጂ የሚሠራበት ሕግ ይህ ነውና ሰልፈኛው በዚሁ ልክ መዘጋጀት አለበት። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ውጤት ደግሞ ትልቅ ነው፦ በመስመር ሲባል የተከለከለው ቃል በበራሪ ወረቀት ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የተፈቀደ ይሆናል።

በቅድሚያ የትኛው ሕግ እንደሚመለከትዎ ይለዩ

በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራውን አብዛኛውን ሠራተኛ የሚጠብቀው በ1935 የወጣው ብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ነው። የሕጉ አንቀጽ 7 ሠራተኞች ለጋራ ጥቅማቸው በጋራ የሚያደርጉትን እንቅስቃሴ ይጠብቃል፤ ለዚህም ዩኒየን መኖሩ የግድ አይደለም። በባልቲሞር አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ፣ በጥር 1959 ማሞቂያው ተበላሽቶ ብርዱ ሲበረታ ሰባት ሠራተኞች ሥራ ጥለው ወጡና ተባረሩ፤ ዩኒየንም አልነበራቸውም። ፍርድ ቤቱ በ1962 መባረራቸው ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደላቸው።

ከዚህ ሕግ ውጭ የሆኑም አሉ። የእርሻ ሠራተኞች፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ የቤት ሠራተኞች፣ አለቆችና ሱፐርቫይዘሮች፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ እንዲሁም ራሱን የቻለ ኮንትራክተር ተብሎ የሚመደብ ሰው በዚህ ሕግ አይሸፈኑም። የአየር መንገድና የባቡር ሠራተኞች በሌላ ሕግ፣ በባቡርና አየር መንገድ የሠራተኛ ሕግ፣ ይተዳደራሉ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ለተቋራጭ የሚሠራ ሰው ግን በየትኛው እንደሚመደብ የሚወሰነው እንደ ድርጅቱ ሁኔታ ስለሆነ፣ ከሰልፉ በፊት ይህ መረጋገጥ አለበት። የታክሲና የኡበር ሹፌሮቻችን በተለይ ይህን ልብ ይበሉ። እንደ ማንኛውም ነዋሪ ወጥተው ቅሬታቸውን መናገር ይችላሉ፤ ነገር ግን ኮንትራክተር የተባሉ ሰዎች ክፍያ እስኪጨመር ድረስ ተስማምተው ሥራ ማቆማቸው የንግድ ውድድር ሕግን ሊያስነሣ እንደሚችል፣ በዋሽንግተን ዲሲ በመንግሥት ክፍያ ለድሆች ይቆሙ የነበሩ ጠበቆች በ1990 በተሰጠ ውሳኔ ዐይተውታል።

የኅብረት ስምምነት ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት መነበብ ያለበት እርሱ ነው። አብዛኛው ስምምነት በሚጸናበት ዘመን አድማ እንዳይደረግ የሚከለክል አንቀጽ ይይዛል፤ ይህን ጥሶ የወጣ ሠራተኛ ጥበቃ አያገኝም። ዩኒየኑ ቀርፋፋ ነው ብለው በራስዎ ተነሥተው መውጣትም አደገኛ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ጥቁር ሠራተኞች የዘር መድልዎን በመቃወም፣ ዩኒየናቸው የጀመረውን የአቤቱታ ሥርዓት ትተው ራሳቸው ፒኬት በማድረጋቸው ከሥራ ተባረሩ፤ ዓላማቸው የተከበረ ቢሆንም በ1975 የተሰጠው ውሳኔ አልጠበቃቸውም።

በሆስፒታል፣ በክሊኒክና በአረጋውያን መጦሪያ ለምትሠሩ አንድ ልዩ ግዴታ አለ። ዩኒየኑ ከማንኛውም አድማ ወይም ፒኬት 10 ቀን አስቀድሞ ለተቋሙና ለፌዴራሉ የሽምግልና መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ቀኑንና ሰዓቱንም መግለጽ አለበት። ሥራ ሳያቆሙ በእረፍት ሰዓት በር ላይ ለመሰለፍም ቢሆን ይኸው ይሠራል። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት ማስታወቂያው መላኩን የዩኒየን ተወካይዎን ይጠይቁ፤ የላከበትን ቀንም እንዲያሳይዎ ቢያደርጉ መልካም ነው።

የት መቆም ይቻላል

ሕገ መንግሥቱ የሚከለክለው መንግሥት ንግግርን እንዳያፍን ነው፤ የግል ባለንብረት በግቢው ውስጥ እንዲያናግርዎ አያስገድድም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የቆሙበት መሬት የማን ነው የሚለው ነው። የሕዝብ የሆነ የእግረኛ መንገድ ከሁሉ የተሻለ ቦታ ነው። ይህን የእግረኛ መንገድ ከግል ይዞታ የሚለየው መስመር ብዙ ጊዜ በዐይን አይታይም፤ የከተማው ወይም የካውንቲው የይዞታ ካርታ ግን በኢንተርኔት ስለሚገኝ፣ አስተባባሪው ከሰልፉ በፊት አትሞ ቢይዘው ከጥበቃ ሠራተኛ ጋር የሚነሣውን ጭቅጭቅ በዚያው ይዘጋዋል።

በላስ ቬጋስ የቬኒሺያን ሆቴል ፊት ለፊት ያለው የእግረኛ መንገድ በሆቴሉ መሬት ላይ የተሠራ ነበር፤ ሆቴሉም ሰልፈኞችን ለማስወጣት ሞከረ። የዘጠነኛው ክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2001 መንገዱ ሕዝብ እንደ ማንኛውም መንገድ የሚመላለስበት ስለሆነ የመናገር ነጻነት የሚሠራበት ቦታ ነው ብሎ ወሰነ። ይህ ግን ለእያንዳንዱ የግል መተላለፊያ አይሠራም። የገበያ ማዕከል ውስጥ ገብቶ ፒኬት ማድረግ በ1968 ተፈቅዶ የነበረ ቢሆንም፣ በ1976 በሌላ ውሳኔ ተሽሯል። ካሊፎርኒያን የመሰሉ ጥቂት ግዛቶች በራሳቸው ሕገ መንግሥት ሰፋ ያለ መብት ይሰጣሉ፤ ይህም በ1980 ተቀባይነት አግኝቷል። የድርጅቱ ሠራተኛ ያልሆነ የዩኒየን አደራጅ ደግሞ፣ በ1992 እንደተወሰነው፣ በአጠቃላይ ወደ መደብር የመኪና ማቆሚያ ገብቶ ወረቀት የማደል መብት የለውም፤ ሠራተኛው ራሱ ግን ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ሥራ በማይሠራበት ቦታ፣ ከዚህ የተሻለ መብት አለው።

የአውሮፕላን ማረፊያ ተርሚናል እንደ መንገድ ወይም እንደ መናፈሻ አይቆጠርም፤ በዚህም ላይ በ1992 ውሳኔ ተሰጥቷል። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ባሉት በደለስና በሬገን ወይም በሲያትሉ ሲታክ ማረፊያ ለመሰለፍ የሚያስቡ ሰዎች የማረፊያውን አስተዳደር ደንብና የተመደበውን ቦታ አስቀድመው ይጠይቁ። ፈቃድን በተመለከተ ከተማ ከከተማ ይለያያል። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በእግረኛ መንገድ ላይ ሆኖ ሌላውን መንገደኛ የማያግድ ሰልፍ አስቀድሞ ማሳወቅ አይጠበቅበትም። የመኪና መንገድ የሚይዝ፣ መድረክ የሚተክል ወይም ትልቅ ድምፅ ማጉያ የሚጠቀም ሰልፍ ግን በየትኛውም ከተማ ቢሆን ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችላል። በአለቃ መኖሪያ ቤት በር ላይ መሰለፍ ይቅር ብዬ እመክራለሁ። በ1988 በተሰጠ ውሳኔ መሠረት ከተሞች በአንድ ሰው ቤት ላይ ያነጣጠረ ሰልፍን ሊከለክሉ ይችላሉ፤ ጎረቤቱንም ከሠራተኛው ያርቃል።

መስመሩ ላይ ያለው ጠባይ

ሰልፈኛ ቆሞ አይጠብቅም፤ በዝግታ ይመላለሳል። በር ላይ መሰብሰብ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ አጥር መሥራት፣ መግቢያ ላይ መቀመጥ፣ ሁሉም መግቢያን መዝጋት ነው፤ መግቢያ መዝጋት ደግሞ ንግግር አይደለም። በተግባር እንዲህ ይደረጋል። ዕቃ የጫነ መኪና ወደ መግቢያው ሲታጠፍ የሰልፉ አስተባባሪ ሹፌሩ እንዲያያቸው እጁን ያነሣል፤ ሰልፈኞቹ በመስኮቱ በኩል ጉዳያቸውን ለመንገርና ወረቀት ለመስጠት ዕድል ያገኛሉ፤ ሹፌሩ ልግባ ካለ መስመሩ ይከፈትለታል። መኪናውን መምታት፣ መስታወቱን ማንኳኳት፣ ከፊቱ መቆም፣ ሹፌሩን እስከ ቤቱ መከተል ወይም የታርጋ ቁጥሩን እየጻፉ «እናገኝሃለን» ማለት ከሥራ ለመባረር በቂ ነው። የ1935ቱን ሕግ የሚያስፈጽመው ብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ ከ1984 ጀምሮ የሚጠይቀው፣ ድርጊቱ ሌላውን ሠራተኛ ሊያስፈራራ ወይም ሊያስገድድ የሚችል ነበር ወይ ብሎ ነው፤ እጅ መሰንዘር አይጠበቅም።

የሰዎቹን ቁጥር የሚወስን አንድ አገር አቀፍ ሕግ የለም። በ1921 ዳኛ ታፍት በአንድ መግቢያ አንድ ሰው ብቻ ይቁም እስከማለት ደርሰው ነበር፤ በ1932 የወጣው የኖሪስ ላጋርዲያ ሕግ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን የማገድ ሥልጣን ካጠበበ በኋላ እንዲህ ያለው እግድ ቀንሷል። ሆኖም የግዛት ፍርድ ቤቶች ሁከት ወይም የመግቢያ መዘጋት ሲያዩ ቁጥር ይወስናሉ። ስለዚህ ብዙ ሕዝብ ቢመጣ እንኳ በር ላይ ጥቂት ሰው እየተመላለሰ ሌላው ራቅ ብሎ መፈክር ቢያሰማ ይሻላል። በላስ ቬጋስ የፍሮንቲየር ሆቴል ሠራተኞች ከ1991 እስከ 1998 መጀመሪያ ድረስ፣ ቀንና ሌሊት፣ ከስድስት ዓመት በላይ መስመራቸውን ጠብቀው አሸንፈዋል። ለዚያን ያህል ጊዜ መስመር መጠበቅ የሚቻለው በየዕለቱ በሚጠበቅ ሥርዓት ነው።

ሥራ ትቶ በሚወጣበት ሰዓትም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዋሽንግተን ግዛት የሲሚንቶ ማደባለቂያ መኪና ሹፌሮች በ2017 አድማ ሲመቱ የተቦካ ኮንክሪት የጫኑ መኪኖችን ይዘው ተመልሰው አቆሙ። ፍርድ ቤቱ በ2023፣ ኮንክሪቱ እንደሚበላሽ መኪኖቹም እንደሚጎዱ እየታወቀ ተገቢ ጥንቃቄ ካልተደረገ ዩኒየኑ በግዛት ፍርድ ቤት ለጉዳቱ ሊከሰስ ይችላል ብሎ ወሰነ። ምድጃ ላይ ድስት የጣደ ወጥ ቤት እሳቱን ያጥፋ፤ የደንበኛ መኪና እጁ ላይ ያለ አቁሞ ቁልፉን ያስረክብ፤ ታማሚ የሚንከባከብ ተረኛ ሳይተካ አይውጣ።

መፈክሩና በራሪ ወረቀቱ

ሕጉ ለጠንካራ ቃል ሰፊ ቦታ ይሰጣል። በ1974 በተወሰነ አንድ ጉዳይ የፖስታ ሠራተኞች ዩኒየን ያልገቡ ባልደረቦቻቸውን ስም ዘርዝረው ከሃዲ በማለታቸው ተከሰው ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ይህ በጠብ ወቅት የሚነገር የስሜት ቃል እንጂ ስም ማጥፋት አይደለም አለ። በእኛ ቋንቋ ብናስበው፣ አድማ የሰበረውን ሰው «ባንዳ» ማለት አስተያየት ነው። «የቲፕ ገንዘብ ሰርቋል» ማለት ግን እውነት ወይም ሐሰት ሆኖ ሊረጋገጥ የሚችል የፍሬ ነገር አቤቱታ ነው። በ1966 እንደተወሰነው፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም እውነት ይሁን አይሁን ሳይጨነቅ ጎጂ ነገር የተናገረ ሰው በስም ማጥፋት ሊከሰስ ይችላል። ስለዚህ ቁጥር ሲጽፉ የደመወዝ ወረቀት፣ ስለ ጥሰት ሲጽፉ የቅሬታ ቅጂ እጅዎ ላይ ይኑር።

በዘርና በብሔር መሳደብ ፍጹም አይገባም። በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይም በኦሮምኛ ስለተባለ አይታወቅም ብሎ ማሰብም ሞኝነት ነው፤ መስመሩን የሚሻገረው ሰው ብዙ ጊዜ የራሳችን ሰው ነው፣ ቪዲዮውም ይተረጎማል። ዛቻም በየትኛውም ቋንቋ ዛቻ ነው።

ሌላው ስውር ወጥመድ ጠቡን ሳይጠቅሱ የአሠሪውን ዕቃ ወይም አገልግሎት ማጣጣል ነው። በኖርዝ ካሮላይና ሻርለት ከተማ የአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ቴክኒሻኖች ፒኬት ሲያደርጉ ማንም አልነካቸውም። በኋላ ግን ስለ ኅብረት ስምምነታቸው አንድ ቃል ሳያነሡ፣ ጣቢያው ከተማዋን እንደ ሁለተኛ ደረጃ እንደሚቆጥርና ፕሮግራሙም የማይረባ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት አደሉ። ያን ወረቀት በማደላቸው ተባረሩ፤ በ1953ም ፍርድ ቤቱ አሠሪውን ደገፈ። ስለዚህ «የሆቴሉ አልጋ ንጹሕ አይደለም» ብሎ ብቻ ከመጻፍ፣ «አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ከዐቅሟ በላይ ክፍል እንድታጸዳ ትገደዳለች፤ የሠራተኛ ቁጥር እንዲጨመር እንጠይቃለን» ብሎ መጻፍ ለሠራተኛው ከለላ ይሆነዋል።

ከማን ጋር ነው የተጣላችሁት?

ብዙ ሰልፎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። በ1947 የወጣው የታፍት ሃርትሊ ሕግ፣ ከጠቡ ውጭ ያለ ገለልተኛ ድርጅት ከአሠሪያችሁ ጋር ያለውን ንግድ እንዲያቆም በማሰብ በእርሱ ላይ ጫና ማድረግን ይከለክላል። ይህን የጣሰ ዩኒየን በካሳ ሊከሰስ ይችላል፤ ቦርዱም እንዲህ ያለ ክስ ሲቀርብለት ቅድሚያ ሰጥቶ መርምሮ፣ ጥሰቱን የሚያምንበት ምክንያት ካገኘ የፌዴራል ፍርድ ቤት እግድ የመጠየቅ ግዴታ አለበት። ገለልተኛውን ከባለጠቡ መለየት ቀላል የሚመስለው ሁለቱ በተለያየ ቦታ ሲሠሩ ነው፤ የእኛ ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በሌላ ሰው ሕንጻ ውስጥ ነው።

በአንድ የቢሮ ሕንጻ ሥር የሚገኝ የመኪና ማቆሚያን እንውሰድ። ሠራተኞቹ የተቀጠሩት በፓርኪንግ ኩባንያው ነው፤ የሕንጻው ባለቤትና ከላይ ያሉት ተከራዮች በጠቡ ውስጥ የሉም። ቦርዱ በ1950 ሙር ድራይ ዶክ በተባለው የመርከብ ማደሻ ጉዳይ ያስቀመጣቸው አራት መለኪያዎች እዚህ ይሠራሉ። ሰልፉ የሚደረገው ፓርኪንግ ኩባንያው በዚያ ቦታ ባለበት ሰዓት ብቻ ነው። ኩባንያው በዚያን ጊዜ መደበኛ ሥራውን እየሠራ መሆን አለበት። ሰልፈኛው በተቻለ መጠን ከሥራ ቦታው አጠገብ፣ ማለትም ከመኪናው መግቢያ እንጂ ከሕንጻው ዋና በር ፊት አይቆምም። መፈክሩም ጠቡ ከማን ጋር እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። የኩባንያው ስም በትልቁ ተጽፎ፣ ከሥሩ «ሠራተኞቹ ያለ ኅብረት ስምምነት እየሠሩ ነው፤ ከሌላ ከማንም ድርጅት ጋር ጠብ የለንም» ቢባል ይበቃል። አላፊ አግዳሚው እንዲያነበው በእንግሊዝኛ ይጻፍ።

መለኪያዎቹን አሟልቶም በአፍ ማበላሸት ይቻላል። ለላይኛው ፎቅ ተከራይ ዕቃ ይዞ የመጣውን ሹፌር «ይህ ሕንጻ አድማ ላይ ነው፤ አትግባ» ያለ አንድ ሰልፈኛ፣ ንግግሩ የሰልፉ እውነተኛ ዓላማ ሆኖ ሊቀርብበት ይችላል። ስለዚህ አስተባባሪው ለእያንዳንዱ ሰልፈኛ ምን እንደሚመልስ አስቀድሞ ይንገረው። ባለንብረቱ ጠቡ ላለበት ተቋራጭ ሠራተኞች የተለየ በር ከመደበና ያ በር በትክክል ከተጠበቀ ደግሞ፣ በተለይ በግንባታ ቦታ፣ ፒኬቱ በዚያ በር ላይ ብቻ ይወሰናል።

ሱቅ ፊት ለፊት የሚደረግ ፒኬት ራሱን የቻለ ነገር ነው። በሲያትል 46 የሴፍዌይ መደብሮች ፊት የተሰለፉት የፍራፍሬ ማሸጊያ ሠራተኞች ደንበኛውን የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ የዋሽንግተን ግዛትን ፖም አትግዙ። መደብሩን አልነኩም። በ1964 ይህ ሕጋዊ ነው ተባለ። በዚያው ግዛት የሴፍኮን የኢንሹራንስ ውል አትግዙ የሚል ፒኬት ግን በ1980 ሕገ ወጥ ሆነ፤ ሻጮቹ ከ90 ከመቶ በላይ ገቢያቸውን የሚያገኙት ከዚያ ውል ስለነበር፣ ውሉን አትግዙ ማለት ድርጅቶቹን ዝጉ ማለት ሆነ።

በራሪ ወረቀት ግን ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው ማለት ይቻላል። በፍሎሪዳ ታምፓ አንድ ዩኒየን፣ በገበያ ማዕከል ውስጥ ሕንጻ የሚያሠራ አንድ ተቋራጭ ዝቅተኛ ደመወዝ ይከፍላል ብሎ፣ ደንበኞች በማዕከሉ ውስጥ ካሉት ሱቆች ከየትኛውም እንዳይገዙ የሚጠይቅ ወረቀት ያለ መስመርና ያለ ሁካታ አደለ። ፍርድ ቤቱ በ1988 ይህን ፈቀደ። ቦርዱም በ2010 ቆሞ የተያዘ ትልቅ ባነርን፣ በ2011 ደግሞ ዩኒየኖች ለተቃውሞ የሚያቆሙትን በአየር የሚነፋ ትልቅ አይጥ ፈቅዷል። ስለዚህ ገለልተኛ የሆነን ሆቴል ወይም ሱቅ ደንበኞች ማናገር ካስፈለገ መፈክሩን አስቀምጦ ወረቀት መያዝ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ነው። ወረቀት የሚያድሉት ሰዎች አይመላለሱ፣ መፈክር አያሰሙ፣ የማይወስደውን ሰው አይከተሉ።

የጊዜ ገደብና ከዚያ በኋላ የሚመጣው

አሠሪው ዩኒየኑን እንዲቀበል ለማስገደድ የሚደረግ ፒኬት በ1959 ሕግ ተገድቧል። ሠራተኞቹ ዩኒየኑን ይፈልጉ እንደሆነ ድምፅ የሚሰጡበት የምርጫ ጥያቄ ለቦርዱ ሳይቀርብ ከምክንያታዊ ጊዜ፣ ቢበዛ ከ30 ቀን በላይ፣ መቀጠል አይቻልም፤ ባለፉት 12 ወራት ሕጋዊ ምርጫ ተደርጎ ከሆነም አይፈቀድም። ዓላማው ኩባንያው የሚከፍለው ደመወዝ ከአካባቢው ደረጃ በታች መሆኑን ማሳወቅ ብቻ ከሆነ ግን ይህ ገደብ አይመለከተውም።

አድማ የመታ ሠራተኛ በመሰለፉ ብቻ ሊባረር አይችልም፤ ነገር ግን ከ1938 ጀምሮ በደመወዝና በጥቅማ ጥቅም ጥያቄ የተነሣ አድማ ላይ አሠሪው ቋሚ ተተኪ መቅጠር ይችላል፤ አድማኛው ያለ ቅድመ ሁኔታ እመለሳለሁ ካለ ቦታ ሲገኝ ይጠራል። አድማው የአሠሪውን ሕገ ወጥ ድርጊት በመቃወም ከሆነ ግን ተተኪው ወጥቶ ሠራተኛው ይመለሳል። ሁለቱ የሚለዩት በማስረጃ ስለሆነ አድማው ለምን እንደተጠራ በስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ።

ፖሊስ ቢመጣ የሚያናግረው አስተባባሪው ብቻ ይሁን፤ ሌላው ሰልፉን ይቀጥል ወይም በታዘዘው መሠረት ይንቀሳቀስ። ትእዛዙ ስሕተት ቢመስልም በቦታው መከራከር አይጠቅምም፤ የመኮንኑን ስምና የተሰጠውን ትእዛዝ ይመዝግቡ፣ ቪዲዮም ይቅረጹ። ዜግነት ያላገኘ ሰው ሆነ ብሎ ለመታሰር በታቀደ ሰልፍ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር አለበት። የዜግነት ማመልከቻው ላይ ታስረው ያውቃሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ክሱ ቢነሣም መመለስ ያለበት ነው። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሠራተኛም በዚህ የሠራተኛ ሕግ ይጠበቃል፤ ሆኖም በ2002 በተሰጠው ውሳኔ መሠረት በሕገ ወጥ መንገድ ቢባረር ያልተከፈለውን ደመወዝ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ማግኘት አይችልም።

ፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ ካወጣ፣ ትእዛዙ ሕገ ወጥ ነው ብለው ቢያምኑም፣ ይግባኝ እየጠየቁ ማክበር ያስፈልጋል። በበርሚንግሃም እግድ ጥሰው የወጡት የመብት ታጋዮች በ1967 የተነገራቸው ይኸው ነው፤ ትእዛዙን ከጣሱ በኋላ ሕጋዊነቱን መከራከር አልቻሉም። በተቃራኒው አሠሪው በሰልፍዎ ምክንያት ከቀጣዎት ለብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ የአካባቢ ቢሮ ክስ ያቅርቡ። ክስ ለማቅረብ ክፍያ የለም፤ ጠበቃ መያዝም ሆነ የዩኒየን አባል መሆን አይጠበቅም። ክሱ ድርጊቱ ከተፈጸመ በ6 ወር ውስጥ ቀርቦ ለአሠሪው መድረስ ስላለበት፣ በዩኒየኑ በኩል የሚሄደው የአቤቱታ ሥርዓት እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉና። ሲሄዱ የስንብት ደብዳቤዎን፣ የሰልፉን ቀንና ሰዓት፣ የያዙትን መፈክር ፎቶግራፍና ያደሉትን ወረቀት አንድ ቅጂ ይዘው ይሂዱ።